በሚኒሞ የሚሰማ ንዝረትና ከፍታ፦ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለሱ አሮጌ ተሽከርካሪዎች የብልሽት ምርመራ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ተሽከርካሪውን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ያወርደዋል። በዚህ መንገድ ቀኑን ሙሉ ሲወጡና ሲወርዱ ከሚውሉት ሚኒባሶች፣ ታክሲዎችና የጭነት መኪኖች መካከል ረጅም ዘመን ያገለገሉት ጥቂት አይደሉም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ ተሽከርካሪዎችን ማስገባት ውድ ካደረገው፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር ሌሎች አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተገለጸ ወዲህ፣ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ከምርጫ አልፎ ግዴታ እየሆነ መጥቷል።

ከአሮጌ መኪኖች ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ የታወቀ ቅሬታ አለ። መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ ሲዞር፣ በጋራዥ ቋንቋ በሚኒሞ ላይ ሳለ፣ መሪውና ወንበሩ ይንቀጠቀጣሉ፤ ክሩስኮቱ ይንገጫገጫል። ጉዞ ሲጀመር ሁሉም ይጠፋል። መኪናው እስከሄደ ድረስ ቅሬታው ቀላል ይመስላል፤ መዘዙ ግን ከንዝረቱ ይልቅ ከተሳሳተ ምርመራ ይመጣል። በመጀመሪያ የሞተሩ መያዣ ጎማዎች ይቀየራሉ፤ ቀጥሎ ካንዴላው፤ ከዚያም ካርቡራተሩ ይፈታል። በመጨረሻ የኮምፕሬሽን መለኪያው ከመጽሐፉ በታች ያነባልና «ሞተሩ ደክሟል» ተብሎ እድሳት ይታዘዛል። ለዕለት ገቢ የሚሠራ ሚኒባስ በጋራዥ በዋለ ቁጥር ባለቤቱ የመለዋወጫውንም የሥራ ቀኑንም ዋጋ ይከፍላል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው። የሚኒሞ ንዝረት የሞተሩ ዙርና ምርመራው የተካሄደበት ከፍታ ሳይመዘገቡ በትክክል ሊመረመር አይችልም፤ ይህም በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ከሌላው ቦታ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ያው መኪና ከነብልሽቱ ኮምቦልቻ ላይ የዳነ፣ ደሴ ላይ ያገረሸበት ሊመስል ይችላል። ከዚህ በታች የቀረቡት አኃዞች ከታወቁ የመካኒካ ሕግጋትና ከመደበኛው የከባቢ አየር ቀመር የተሰሉ ናቸው እንጂ በተወሰኑ መኪኖች ላይ የተለኩ አይደሉም።

የሹፌሩ ቃል እንደ መረጃ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የታደለ ቋንቋ ነው። ሹፌሩ «ይንቀጠቀጣል» ሲል በወንበርና በመሪ በኩል ወደ ሰውነቱ የሚደርሰውን ዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ብዙውን ጊዜ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን፣ ይገልጻል። «ያጉረመርማል» ሲል የመኪናው ክፍል አየር አብሮ መርገብገቡን ያመለክታል። «ይንገጫገጫል» የላላ ቆርቆሮ ወይም ፕላስቲክ ነው። «ያንኳኳል» ብረት ከብረት መጋጨቱ ሲሆን ይህ ቃል ከተሰማ ምርመራው ወደ ሞተሩ ውስጥ ማቅናት ይኖርበታል፤ በሚኒሞ ማንኳኳትን እንደ ተራ ንዝረት ማለፍ አደገኛ ነው። «ሲጥ ይላል» ከተባለ ደግሞ በመጀመሪያ የሚታየው ቺንጋው ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነገር መታሰብ አለበት። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 ሄርዝ ገደማ ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውን ሰውነት ይዳስሰዋል እንጂ ጆሮ አይሰማውም። ስለዚህ አንድ ሲሊንደር በማይሠራበት ሞተር ላይ የሚሰማው ድምፅ በአመዛኙ የሌላ ዕቃ ድምፅ ነው፦ የላላ የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ፣ ሻንሲውን የነካ ማርሚታ፣ ብሎኑ የወለቀ የባትሪ መቀመጫ። ድምፁን ብቻ ተከትሎ የሄደ መካኒክ ቆርቆሮውን አጥብቆ ይመልሳል፤ መንቀጥቀጡም በሌላ ቦታ ሌላ ዕቃ ያስጮኻል።

ሹፌሩ መጠየቅ ያለበት ነገር ብዙ አይደለም። ንዝረቱ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ሲሞቅ? ፍሪሲዮን ሲረገጥ ይለወጣል? ከየትኛው ጥገና በኋላ ጀመረ? በዚህ መስመር ላይ ደግሞ አራተኛ ጥያቄ መጨመር አለበት፤ የሚብሰው ደሴ ላይ ነው ወይስ ኮምቦልቻ ላይ?

ከዙር ወደ ድግግሞሽ

አራት ሲሊንደር ያለው ባለ አራት ምት ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቀጣጥላል። በሚኒሞ በደቂቃ 750 ዙር ቢዞር በሴኮንድ 12.5 ጊዜ ይዞራል፤ የማቀጣጠሉ ድግግሞሽም 25 ሄርዝ ይሆናል። ሞተሩ ጤነኛ ሲሆን ጎልቶ የሚታየው ይህ 25 ሄርዝ ነው። አንዱ ሲሊንደር ካልሠራ ግን ጉድለቱ የሚደጋገመው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሆነ 6.25 ሄርዝ ላይ አዲስ ንዝረት ይፈጠራል። በራሱ በ12.5 ሄርዝ ላይ ከፍ ያለ ንዝረት ከታየ ደግሞ ጥርጣሬው ከክራንኩ ጋር እኩል ወደሚዞሩት፣ ማለትም ወደ ቮላኖው፣ ወደ ፍሪሲዮኑና ከክራንኩ ፊት ወዳለው ፑሊ ያመራል። ባለ አንድ ሲሊንደሩ ባጃጅ በተፈጥሮው በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያቀጣጥል በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም፤ ለእርሱ መንቀጥቀጥ ባሕርይ ነው።

እነዚህን ሦስት ድግግሞሾች ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በተራ ስማርት ስልክ ውስጥ ያለው የፍጥነት ለውጥ ዳሳሽ በሴኮንድ 100 ንባብ ቢወስድ እስከ 50 ሄርዝ ያለውን ንዝረት ለማየት ይበቃል። ልኬቱ 10 ሴኮንድ ቢቆይ የድግግሞሽ ልዩነቱ እስከ 0.1 ሄርዝ ድረስ ይነበባል። ስልኩ በእጅ ሊያዝ ግን አይገባም፤ በወንበሩ ሐዲድ ላይ በጥብቅ መታሰር አለበት። በወንበሩ ስፖንጅ ላይ የተቀመጠ ስልክ የሚለካው ስፖንጁን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ያስፈልጋል። የዲናሞው ፑሊ ከክራንኩ ፑሊ ያነሰ በመሆኑ ዲናሞው ከሞተሩ በሁለት እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጥናል። ውድሩ በትክክል ሁለት ቢሆን ሚዛኑን የሳተ ዲናሞ የሚያመጣው ንዝረት 25 ሄርዝ ይሆናል፤ ይህም ከማቀጣጠሉ ድግግሞሽ ጋር አንድ ነው። እንዲህ ሲሆን ቁጥር ብቻውን አይፈርድም። መፍትሔው ቺንጋውን አውጥቶ ሞተሩን ለአጭር ጊዜ ማስነሣት ነው። የውሃ ፖምፓውም በዚያው ቺንጋ የሚሠራ ከሆነ ሙከራው ከአንድ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

መያዣ ጎማው ምን ያስቀራል፣ ምን ያሳልፋል?

የሞተሩ መያዣ ጎማ ሁለት ሥራ አለው፤ ሞተሩን ይሸከማል፣ ንዝረቱንም ከሻንሲው ይለያል። ሞተሩ በጎማዎቹ ላይ ተቀምጦ ሲነካ በራሱ የሚወዛወዝበት ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ አለው። የሞተሩ ንዝረት ወደዚህ ድግግሞሽ ሲጠጋ መወዛወዙ ይገዝፋል፤ ይህም ሬዞናንስ የሚባለው ክሥተት ነው። ጎማው ንዝረት መቀነስ የሚጀምረው የንዝረቱ ድግግሞሽ ከተፈጥሯዊው 1.41 እጥፍ ሲበልጥ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ሳይቀነስ ያልፋል፤ አንዳንዴም ገዝፎ።

ለምሳሌ ያህል የጤነኛ መያዣ ጎማ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ 12 ሄርዝ ነው እንበል። ማርገቢያውን ለጊዜው ትተን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ብናሰላ፣ በ750 ዙር ከሚፈጠረው ኃይል ወደ ሻንሲው የሚያልፈው 30 በመቶው ነው። በ700 ዙር 36 በመቶ፣ በ650 ዙር 44 በመቶ ይደርሳል። ሹፌሩ ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል።

ጎማው በዕድሜ ደርቆ፣ ወይም ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ በተሠራ ምትክ ተተክቶ፣ ግትርነቱ እጥፍ ቢሆን ተፈጥሯዊው ድግግሞሽ ወደ 17 ሄርዝ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ በ750 ዙር 86 በመቶው ያልፋል። በ700 ዙር 113 በመቶ፣ በ650 ዙር ደግሞ 160 በመቶ ይሆናል። ማለትም መለየት የነበረበት ጎማ ንዝረቱን ያገዝፈዋል፤ የ50 ዙር መውረድ ብቻ ወደ ሻንሲው የሚገባውን ኃይል በ40 በመቶ ገደማ ይጨምረዋል። እውነተኛው ሞተር በስድስት አቅጣጫ ስለሚወዛወዝና ጎማውም የተወሰነ ማርገቢያ ስላለው አኃዞቹ ከዚህ ይለያሉ፤ የለውጡ አቅጣጫ ግን ያው ነው።

ከዚሁ ስሌት በጋራዥ ልማድ ላይ ጥያቄ የሚያነሣ ውጤት ይወጣል። አንድ ሲሊንደር ሳይሠራ የሚፈጠረው 6.25 ሄርዝ ከሁለቱም ተፈጥሯዊ ድግግሞሾች በታች ነው። በደረቀው ጎማ 116 በመቶው፣ በአዲሱ ጎማ ደግሞ 137 በመቶው ያልፋል። ሞተሩ በትክክል ካላቀጣጠለ አዲስ መያዣ ጎማ መግጠም መንቀጥቀጡን አያስቀርም፤ ይባስ ብሎ ሊጨምረው ይችላል። ጎማው ከመነካቱ በፊት ሲሊንደሮቹ መፈተሽ ያለባቸው ስለዚህ ነው። ባለቤቱ ውድ ጎማ አስገጥሞ መኪናው ብሶበት ሲመለስ ጎማው «ኦሪጅናል አይደለም» ይባላል፤ ጎማው ግን ምንም አላጠፋም።

ከፍታው የሚያመጣው ለውጥ

በመደበኛው ቀመር የአየር ግፊት በባሕር ጠለል 101.3፣ በ1,850 ሜትር 81፣ በ2,500 ሜትር ደግሞ 74.7 ኪሎ ፓስካል ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጣ ግፊቱ በ8 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በሚኒሞ ላይ የካርቡራተሩ ቫልቭ ለመዘጋት ጥቂት ብቻ ስለሚቀረው አየሩ በጠባቡ ክፍተት የሚያልፈው ብዙውን ጊዜ ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ ፍጥነት ነው። በዚህ ሁኔታ የሚያልፈው የአየር መጠን ከውጭው ግፊት ጋር እኩል ይወርዳል። የሚኒሞው ብሎን ኮምቦልቻ ላይ ተስተካክሎ የተተወ መኪና ደሴ ሲደርስ በዚያው ክፍተት 7 ወይም 8 በመቶ ያነሰ አየር ያገኛል ማለት ነው። የደሴ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ልዩነቱን የሚያጠበው በጥቂቱ ነው። ካርቡራተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ ስለማይቀንስ ድብልቁ በመጠኑ ነዳጅ ይበዛበታል። ውጤቱ የሚኒሞው መውረድና መዋዠቅ ነው፤ በደቂቃ የ50 ዙር መውረድ ከዚህ የሚጠበቅ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ ስሌቶች ይገናኛሉ። ጎማው የደረቀበት መኪና ኮምቦልቻ ላይ በ700 ዙር ሲቆም ንዝረቱ የሚቻል ይሆናል፤ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ላይ በ650 ዙር ሲቆም ግን ወደ ሬዞናንሱ ስለሚጠጋ ይበረታል። ኮምቦልቻ ያለው መካኒክ «ምንም የለበትም» ሲል፣ ደሴ ያለው «ብሷል» ሲል ሁለቱም ያዩትን ይናገራሉ። ሚኒሞውን በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በሚያስተካክሉ ሞተሮች ላይ ኮምፒውተሩ ዙሩን ስለሚጠብቅ ይህ ልዩነት ሊደበዝዝ ይችላል።

ከፍታው የሚያሳስተው ጆሮን ብቻ አይደለም። የመለኪያ መሣሪያዎችንም ንባብ ይለውጣል፤ ትልቁ ኪሳራ የሚመጣውም በዚህ በኩል ነው። የጥገና መጻሕፍት ለጤነኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ቫኪዩም ይሰጣሉ። ይህ የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ንባቡ ኮምቦልቻ ላይ በ6፣ ደሴ ላይ በ8 ኢንች ገደማ መቀነስ አለበት። ስለዚህ ደሴ ላይ 11 ኢንች የሚያነብ ሞተር ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ በመጽሐፉ መሠረት ግን የታመመ ነው። ኮምፕሬሽንም እንደዚሁ ነው። በባሕር ጠለል 12 ባር የሚያሳይ ሲሊንደር ኮምቦልቻ ላይ 9.6፣ ደሴ ላይ 8.8 ባር ገደማ ያሳያል፤ ፒስተኑም ፋሻውም ሳይነካ። ይህን ንባብ ከመጽሐፉ ዝቅተኛ ወሰን ጋር አነጻጽሮ ሞተሩን ለእድሳት ማውረድ ሙያዊ መሠረት የለውም። በከፍታ ላይ የሚታመነው የአራቱ ሲሊንደሮች የእርስ በርስ ልዩነት ነው። ሦስቱ 8.8 አንብበው አራተኛው 6 ካነበበ ብልሽቱ በእርግጥ አለ።

የፍተሻው ቅደም ተከተል

ሥርዓቱ ገንዘብ ከማያስወጣው ይጀምራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዙሩ ይመዘገባል፤ ከዚያም በዝግታ ከ650 ወደ 1,200 ከፍ ይደረጋል። ንዝረቱ በአንድ ጠባብ የዙር ክልል ገንኖ ከጠፋ ነገሩ ሬዞናንስ ነው፤ ጥርጣሬውም ወደ መያዣ ጎማዎችና ወደ ማርሚታው መስቀያዎች ያመራል። ከዙሩ ጋር እየፈጠነ የሚከተል ከሆነ ደግሞ ምንጩ ራሱ የሚዞር ዕቃ ነው።

ቀጥሎ ፍሪሲዮን ይረገጣል። ሲረገጥ ድምፁ ከጠፋ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የመግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ወይም የጥርሶቹ መንገጫገጭ ይጠረጠራል። ይህ መንገጫገጭ ሁልጊዜ የካምቢዮ ብልሽት አይደለም። ሞተሩ በእያንዳንዱ ማቀጣጠል ጥቂት ይፈጥናል፣ ጥቂትም ይዘገያል፤ ይህን የሚያረግቡት የፍሪሲዮን ዲስኩ ሞላዎች ሲደክሙ ጭነት የሌለባቸው ጥርሶች ይጋጫሉ። ሚኒሞው ሲወርድ መዋዠቁ ስለሚጨምር ይህም ደሴ ላይ ሊብስ የሚችል ድምፅ ነው። በተቃራኒው ድምፁ ሲረገጥ የሚመጣ ከሆነ የፍሪሲዮኑ ማላቀቂያ ኩሽኔታ ይታያል።

ማርሚታው የተለየ ትኩረት ይሻል። የጎማ መስቀያው ሲበጠስ በሽቦ ማሰር የተለመደ ነው፤ ሽቦው ግን ንዝረቱን ሳይለይ በቀጥታ ወደ ወለሉ ያስተላልፋል፤ ጥሩ መያዣ ጎማ ያለው ሞተር ሳይቀር በዚህ ምክንያት ሊታማ ይችላል። ማርሚታው በቀዝቃዛነቱ በእጅ ሲወዘወዝ የትም መንካት የለበትም። በመጋጠሚያው ጓርኒሲዮን በኩል «ጭስ ጭስ» የሚል ድምፅ ከተሰማ ጉዳዩ ከምቾት ወደ ሕይወት ያልፋል፤ የሚያፈሰው ጋዝ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። በደሴ ብርድ መስኮት ዘግቶ ሞተር እያሠሩ ተሳፋሪ መጠበቅ አደጋውን ያከብደዋል።

በቤንዚን ሞተር ሲሊንደሮቹን ለመፈተሽ ሞተሩ ጠፍቶ የአንዱ ካንዴላ ገመድ ይነቀልና ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዛል፤ ከዚያም ሞተሩ ይነሣል። ዙሩ ከቀድሞው ካልወረደ ያ ሲሊንደር ቀድሞውንም አይሠራም ነበር። የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ ከተጠረጠረ በመጋጠሚያዎቹ ላይ ጥቂት ሳሙናማ ውሃ ሲረጭ የዙሩ መለወጥ ቦታውን ይጠቁማል።

በናፍጣ ሞተር የኢንጀክተሩን ቱቦ ዳዶ በጥቂቱ አላልቶ የዙሩን ለውጥ ማየት የቆየ ዘዴ ነው። ይህ የሚፈቀደው በመካኒካል ፖምፓ ለሚሠሩ፣ ለምሳሌ 5ኤል ሞተር ላላቸው የቶዮታ ሃይስ ሚኒባሶች ብቻ ነው። በኮመን ሬይል በሚሠሩት አዳዲስ የናፍጣ ሞተሮች ላይ የቱቦው ግፊት ከ1,000 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ በዚህ ግፊት የሚፈናጠር ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። በእነዚህ ላይ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ነዳጅ ማስተካከያ ቁጥር በኮምፒውተር ይነበባል እንጂ ዳዶ አይነካም።

መያዣ ጎማው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞተሩ ከሥሩ በእንጨት ተደግፎ በክሪክ በጥቂቱ ከፍ ሲደረግ ጎማው ከብረቱ መላቀቁ ወይም መሰንጠቁ ይታያል። ምትክ ሲመረጥ ልስላሴው የውፍረቱን ያህል ሊታሰብበት ይገባል፤ ጠንካራ ጎማ ብዙ ዘመን ይቆያል፤ ንዝረቱንም ብዙ ዘመን ያስተላልፋል።

ስሌቱን በመንገዱ ላይ መፈተን ለወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተመራቂ ተማሪዎች ቅርብ የሆነ ሥራ ነው። አንድ ባለ ካርቡራተር መኪና ኮምቦልቻ ላይ ሚኒሞው በ750 ዙር ይስተካከላል፤ ብሎኑም በቀለም ይታተማል። ከዚያ በሐረጎ ሁለት ቦታዎች ላይና ደሴ ፒያሳ ላይ እየቆመ፣ ሞተሩ በእኩል ሙቀት ላይ ሳለ፣ ዙሩ፣ ቫኪዩሙ፣ የአየሩ ሙቀትና ከወንበሩ ሐዲድ የተወሰደው ንዝረት ይመዘገባሉ። ልኬቱ በመውጣትም በመውረድም ይደገማል፤ ሽቅብ የወጣ ሞተር ሙቀት ስለሚጨምር የአንድ አቅጣጫ ልኬት ብቻውን ከፍታውን ከሙቀቱ አይለይም። መያዣ ጎማዎቹ ተቀይረው ሙከራው በዚያው መኪና ላይ ሲደገም የ160ና የ44 በመቶው ልዩነት በእውነተኛው ሻንሲ ላይ ምን ያህል እንደሚቀር ይታያል።